ቅዳሜ ቅዳሜ የማወጣው ዘይት

ሞተሩ ጮኸ፤ ቫኗ ግን አልሄደችም።

ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ካለው የእንግዳ ማረፊያዬ ተነስተን፣ ሁለት እንግዶች አየር ማረፊያ ለማድረስ ከአፈሩ መንገድ ወደ አስፋልቱ እየወጣን ነበር። ዝናቡ የአስፋልቱን ጠርዝ ስለበላው እዚያ ጋ አንዲት አጭር ዳገት አለች፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ልብ እንኳ አይላትም። የፊት ጎማዎቻችን አስፋልቱን ረገጡ፣ የኋላዎቹ አፈሩ ላይ ቀሩ። ሹፌሬ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ እንደ ወፍጮ አጓራ፤ ቫኗ ግን ስንዝር ፈቀቅ ሳትል መንገዱን በግማሽ ዘግታ ቆመች። በኡጋንዳ በኩል እንደሚገቡት ብዙ መኪኖች መሪዋ በቀኝ ስለሆነ እኔ ከፊት በግራ በኩል ተቀምጫለሁ። በዚያው በግራ በኩል አንድ የውሃ ቦቴ ሲመጣ አየሁ።

ጮህኩ ብል ውሸት ነው። ድምፄ የት እንደገባ አላውቅም። እግሬ ብቻ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ቦቴው ፍሬን ያዘ፣ ጎማዎቹ ጢስ አወጡ፣ ከላዩ የተንቦጫረቀው ውሃ መስኮቴ ላይ ተደፋ። ውሃው ከመስታወቱ ሲወርድ የቦቴው መከላከያ እኔ ካለሁበት በር አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል። የቦቴው ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ያ ሐበሽ! ኢታ መጅኑን?» ብሎ ማበድ አለማበዴን ጠየቀኝ። በዚህ መሀል የእኛ ማርሽ ድንገት ያዘና ቫኗ ወደ ፊት ተወረወረች፤ ከኋላ የተቀመጠችው እንግዳ ከነቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወደቀች። መንገዱን ተሻግረን ቆምን። እንግዶቹ ወርደው፣ ሌላ መኪና አስቁመው ሄዱ።

እኔ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ትንሽ መለስ ሲልልኝ ግን የመጣብኝ ምስጋና አይደለም፣ ንዴት ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። ስደነግጥ እቆጣለሁ፤ ስቆጣ ደግሞ የምጮህበት ሰው እፈልጋለሁ። ያን ቀን ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ሰውዬው አጠገቤ መሪ ይዞ ተቀምጧል።

ሹፌሬ የዚሁ አገር ሰው ነው። በልጅነቱ ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ ጋምቤላ ተሻገረ፣ እዚያ ተማረ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ነዳ፣ ከዚያ ወደ ጁባ ተመልሶ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹፌር ሆነ። አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ማንጋቴን ሰፈር ይኖራሉ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ቤት የቆመው እኔ ዘንድ ባለው ሥራ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት።

ስለ ዘይቱ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ንዴቴ ከየት እንደመጣ አይገባም።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይስባል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ከትቶ ያወጣል፣ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። «ዘይት የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ነው» እያለ ነው ያሳደገኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ከእሱ የቀረልኝ ነገር ቢኖር ይህ ልማድ ነው። ባለ አስራ አንድ ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ከፍቼ፣ ሹፌር ቀጥሬም፣ ዘይት ማየቱን ለማንም አሳልፌ አልሰጠሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት ይቺን ቫን ስገዛ ኮፈኑ ሥር ሁለት ዘንግ አገኘሁ። አንደኛው የሞተር ነው። ሁለተኛው የካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ ነው፤ ቫኗ ኦቶማቲክ ስለሆነች ካምቢዮዋም የራሱ መለኪያ አለው። የአባቴ መኪና እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረውም። ቢሆንም ዘይት ዘይት ነው ብዬ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሞተር ሳይነሳ ሳብኩት። ዘይቱ ከምልክቱ በጣም አልፏል! የሸጡልን ሰዎች ግድ የለሾች ናቸው ብዬ፣ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ በእጅ ፓምፕ እየሳብኩ፣ ልክ ምልክቱ ላይ እስኪደርስ አወጣሁ። አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀይ ዘይት ወጣ። በትንሽ ቢጫ ጀሪካን አድርጌ ጓዳ አስቀመጥኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘይቱ እንደገና ከምልክቱ በላይ ነው። አወጣሁ። በሚቀጥለውም። እንግዲህ ዘይት ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ነበረ። እኔ ግን መልሱን ቶሎ አገኘሁት፤ ጁባ ሙቀቷ ከባድ ነው፣ ዘይቱ በሙቀት ያብጣል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ለራሴ ነግሬ እኔው አመንኩ። ምሳ ላይ ለእንግዶች ሁሉ አስረድቻለሁ። አንድ ኬንያዊ መሐንዲስ ሹካውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ያየኝ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ አድንቆኝ መስሎኝ ነበር።

ጀሪካኑ ደግሞ መቼም አይሞላም። ቅዳሜ አንድ ሊትር ተኩል እጨምራለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። አገልግሎት የጨረሰ ዘይት ነው፣ ጥለውት ይሆናል ብዬ ነገሬም አላልኩት። አንድ ቀን ግን ሹፌሬ ጀሪካኑን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዞ ከጓዳ ሲወጣ አየሁት። ግራና ቀኙን አይቶ በፍጥነት ወደ በሩ ሄደ። ያን ጊዜ አመዴ ቡን አለ። ስድስት ዓመት ያመንኩት ሰው ዘይቴን እያወጣ ይሸጣል! በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘይቱን አውጥቼ ጀሪካኑን መኝታ ክፍሌ ቆለፍኩበት።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ሹፌሬ መጣና፣ «ጋሼ፣ ያቺ ቢጫ ጀሪካን የት ገባች?» አለኝ።

የሰረቀ ሰው የሰረቀውን ሲያጣ ባለቤቱን ይጠይቃል?

«ምን ልታደርጋት ፈለግክ?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ፣ «ምንም ጋሼ» አለ።

ይህ «ምንም» ለእኔ ማስረጃ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘንጉን ስስብ ዘይቱ ልክ ምልክቱ ላይ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ! ቫኗ ሙቀቱን ለመደችው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በአምስተኛው ቀን የውሃ ቦቴው እኔ ያለሁበት በር ሥር ቆመ።

እየተንፏቀቅን ወደ ግቢ ተመለስን። ወጥ ሠሪያችን፣ ሁለቱ አስተናጋጆችና ዘበኛው የሞተሩን ጩኸት ሰምተው ወጥተዋል። ወጥ ሠሪዋ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አብራኝ የኖረች፣ በዕድሜዋም ከሁሉም የምትበልጥ ሴት ናት። ከቫኗ ወርጄ፣ በሩን በርግጄ፣ በእነዚህ ሰዎች ሁሉ ፊት ሹፌሬን «ሌባ!» አልኩት። የካምቢዮ ዘይት እየቀዳህ ሸጠሃል፣ መኪናዬን ገደልክ፣ እኔንም ልትገድለኝ ነበር አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ። ወጥ ሠሪዋ አንድ እርምጃ ቀረብ ብላ አፏን ስትከፍት፣ «አንቺ ዝም በይ! ማንም እንዳይናገር!» አልኩ።

ሹፌሬ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ቁልፉን ይውሰዱ ጋሼ። ግን መካኒክ ይያት። እኔም ቆሜ ልስማ።»

«ይያታ! የአንተ እጅ ነው ካለ እዚያው እንለያያለን።»

«ካልሆነስ?»

ይህን አላሰብኩበትም።

«ካልሆነ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «እዚሁ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት ይናገሩልኛል። እኔ ስሜን ይዤ ነው ቤቴ የምገባው።»

«እሺ» አልኩ። ያን ጊዜ ይህን ማለት ምንም አልከበደኝም፤ እርግጠኛ ነበርኩ።

መካኒኩ ቡሉክ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የኒም ዛፍ ሥር ይሠራል። ናዝሬት ያደገ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ስንደርስ መፍቻ የሚያነሳ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በርጩማ አውጥቶ ተቀመጠና መጠየቅ ጀመረ። የምትንሸራተተው ስትነሳ ነው ወይስ ማርሽ ስትቀይር? ስትቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ወደ ኋላስ ትሄዳለች? ማርሹ ወደ ፊት መሄጃው፣ ዲ ላይ ሲገባ ወዲያው ትይዛለች ወይስ ትዘገያለች?

ሁሉንም እኔ መለስኩ። «ትንሸራተታለች በቃ! ሞተሩ ይጮሃል፣ አትሄድም!» መካኒኩ ዓይኑን ገልጦ ወደ ሹፌሬ ዞረ።

ሹፌሬ በዝግታ ተናገረ። ጠዋት በመጀመሪያው ጉዞ ደህና ናት፤ ስትሞቅ ይብስባታል። ዲ ላይ ሲያስገባት እስከ ሦስት ቆጥሮ ነው የምትይዘው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይር ሞተሩ ብቻውን ይጮህና በኋላ በድንገት ትይዛለች። ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ግን እየሰነፈች። የጀመራት አስራ ሁለት ቀን ነው። ቀኑን እንዲህ ቆጥሮ መያዙ ጥርጣሬዬን ጨመረው።

መካኒኩ ተነሳ። ቫኗን አስነስቶ፣ በቡሉክ መንገዶች አንድ ዙር ዞሮ፣ አሙቆ መለሳት። ደልዳላ ቦታ አቆማት። እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ማርሹን ከፒ ወደ አር፣ ወደ ኤን፣ ወደ ዲ፣ እስከ መጨረሻው ወሰደው፤ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እየቆየ። ከዚያ ወደ ፒ መለሰው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና የካምቢዮውን ዘንግ ያዘ።

«ሞተር ሳታጠፋ ዘይት ታያለህ እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

መካኒኩ እንዳልሰማ ሆነ። ዘንጉን ሳበ፣ በነጭ ሶፍት ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ ሳበ። ወደ እኔ ይዞት መጣ። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ የመሰለች ጥቁር ነገር ብቻ አለች። «ማፊ» አለ፣ ባዶውን ዘንግ እያሳየኝ። አሸተትኩት፤ የከሰለ ዳቦ ይሸታል። ያ የማውቀው ቀይ ዘይት የለም።

«አላልኩም!» አልኩ። ወደ ሹፌሬ ዞሬ ጣቴን ቀሰርኩ። «አላልኩም! ሸጦታል!»

መካኒኩ ካርቶን አንጥፎ ቫኗ ሥር ገባ። ሲወጣ እጁ ደረቅ ነው። የሚያፈስ ነገር የለም፣ ከሥር አንድ ጠብታ ዘይት አልነካም አለ። «ይሄን ዘይት የሚያየው ማነው?»

«እኔ ነኛ!» ደረቴን ነፋሁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሞተር ሳይነሳ! ከበዛ አወጣለሁ። በሌላ ሰው አላምንም።»

«ሞተር ሳይነሳ» አለ መካኒኩ። ደግሞ፣ «ያወጣሉ» አለ።

ከዚያ ሄዶ ሞተሩን አጠፋና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆየን። «አሁን እርስዎ ይዩት ጋሼ» አለኝ። ዘንጉን ሳብኩ፣ ጠረግኩ፣ ከተትኩ፣ ሳብኩ። ዘይቱ ልክ ምልክቱ ላይ ነው። ቅዳሜ እንደተውኩት ነው! ቅድም ባዶ የነበረውን ዘንግ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፣ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ማንም ጠብታ አልጨመረም። መካኒኩ ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሾቹን አዳረሰ፣ «ይሳቡ» አለኝ። ባዶ። አጠፋ፣ ቆየን፣ «ይሳቡ።» ምልክቱ ላይ። ለሦስተኛ ጊዜ እንድደግመው አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ የለመንኩት። ያው ነው።

ሰው ጠንቋይ ቤት የሚሆነውን ሆንኩ።

«ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ዘይቱን ከታች ስቦ ካምቢዮውን ይሞላዋል» አለ መካኒኩ። «ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ ታች ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ሞተር ጠፍቶ ሲታይ የበዛ የሚመስለው። በዝቶ አይደለም። እርስዎ የሚያወጡት ካምቢዮው የሚሠራበትን ዘይት ነው። ዘይት ሲያንሰው ፓምፑ አየር ይስባል፤ ውስጥ ያሉት፣ ማርሹን የሚይዙት ሸራዎች መያዝ አቅቷቸው ይንሸራተታሉ፣ ሲንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ያሸተቱት እሱን ነው።»

የምቀመጥበት ፈለግኩ። አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

«የገረመኝ ሌላ ነው» አለ መካኒኩ። «ሁለት ዓመት ከሆነዎት ይቺ መኪና በመጀመሪያው ወር ነበር መሞት የነበረባት። እንዴት እዚህ ደረሰች?»

ከዚያ ሹፌሬ፣ ከዛፉ ግንድ ተደግፎ እንደቆመ፣ ወደ መካኒኩ እያየ ተናገረ፤ ወደ እኔ አላየም።

«እኔ እመልሰው ነበር። ቅዳሜ ጋሼ ያወጡታል። እኔ የመጀመሪያውን እንግዳ አድርሼ ስመለስ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ አይቼ ከጀሪካኑ እመልሰዋለሁ። ልኩን ይዛ ሳምንቱን ትሠራለች። ቅዳሜ ደግሞ ያወጡታል። ከአስራ ሁለት ቀን በፊት ጀሪካኑ ጠፋ።»

የሆነው ይኸው ነው። አንዱን ዘይት ሁለት ዓመት ሙሉ ስናመላልሰው ኖረናል፤ እኔ ጠዋት አወጣለሁ፣ እሱ ረፋድ ላይ ይመልሳል። የተሸጠ ዘይት የለም። ያበጠም ዘይት የለም። የሰረቀብኝ መስሎኝ የቆለፍኩበት ዘይት ቫኗን በሕይወት ያቆያት ዘይት ነው። እኔ ቆለፍኩት፣ እሷ ሞተች፣ «ሌባ» የተባለው እሱ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር ጋሼ።»

ልክደው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ቱቦው እጄ ላይ ነው። እሱ ከአጠገቤ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ኦቶማቲክ እኮ ሞቆ ሞተሩ እየሠራ ነው የሚታየው» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። አንተ እናትህ ጀርባ ላይ ሆነህ እኔ መኪና ሥር ነበርኩ አልኩት። አባቴን ጠራሁ። የአባቴን መኪና፣ የአባቴን መንገድ፣ የአባቴን ጨርቅ ሁሉ ጠራሁ። ሁለተኛ ስለ ዘይት ብትናገረኝ ቁልፉን ታስቀምጣለህ አልኩት። እሱም ሁለተኛ አልተናገረም። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነው።

መካኒኩ በዚህ መሀል አዲስ ዘይት ጨምሮ ቫኗን ሞከራት። ተነሳች፣ ሄደች፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይር ግን አሁንም ሞተሩ ለብቻው ይጮሃል። ሸራዎቹ ተቃጥለዋል፣ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት አለ። «እሺ» አልኩ። ስለ ቫኗ ማሰብ አቅቶኝ ነበር።

ወደ ሹፌሬ ሄድኩ። «ተሳስቻለሁ» አልኩት። ይህችን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳልኳት አላስታውስም፤ አፌ ውስጥ አዲስ ነበረች። ቁልፉን ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። «እዚህ አይደለም ጋሼ። ቤት ነው የተባባልነው።»

ቫኗን ቡሉክ ትተን በባጃጅ ተመለስን። ጉልበታችን እየተነካካ አብረን ተቀምጠናል። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ። አከበድኩት፣ አቀለልኩት፣ ቀልድ ቢጤ ጨመርኩበት፣ አወጣሁት። እንደ እኔ ላለ ሰው በገዛ ሠራተኞቹ ፊት እንዲህ መቆም ቀላል አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን በራሴ ትንሽ ኮርቻለሁም። እንዲህ የሚያደርግ ባለቤት ስንት አለ እያልኩ ነበር።

ግቢ ስንገባ ምሳ ተነስቷል። ሁሉንም ወደ ምግብ ቤቱ ጠራኋቸው። ወጥ ሠሪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች፣ ሁለቱ አስተናጋጆች መጡ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሹፌሬ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሟል።

«ጠዋት ይሄን ሰው ሌባ ብየዋለሁ» አልኩ። «ሌባ አይደለም። ዘይቱን እያወጣሁ መኪናዋን የገደልኩት እኔ ነኝ። እሱ እየመለሰ ሲያድናት ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ጨረስኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አልደብቅም። ይደነቃሉ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ማንም አልተደነቀም። አስተናጋጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወጥ ሠሪዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እሰይ ጋሼ፣ እንኳን ሰሙት» አለች። «እኛማ እናውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዘይቱን ነዋ። ጀሪካኑን ጓዳ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ የምሰጠው እኔ አይደለሁ? ይቺ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይጠይቋት ሁለተኛ ሻይ የምታመጣልዎት ለምን ይመስልዎታል? እሱ ጨምሮ እስኪጨርስ ከወንበርዎ እንዳይነሱ ነው።» ወደ ዘበኛው በአገጯ አመለከተች። «እሱም ድንገት ከወጡ በሩን ኳ ያደርግልናል። ጠዋት ልናገር ነበር። ዝም በይ አሉኝ።»

ዘበኛው መሬት አየ። ትንሿ አስተናጋጅ አፏን በእጇ ሸፈነች።

በሕይወቴ ብዙ ደንግጫለሁ። ጥይት ሲተኮስ አልጋ ሥር ገብቻለሁ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ሞትን በመስኮት አይቼዋለሁ። እንዲህ ግን ደንግጬ አላውቅም። ሁለት ዓመት! አንድ ቤት ሙሉ ሰው፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ልጅ አዋቂው ተራ ገብቶ፣ ከእኔ ተደብቆ የእኔን መኪና ሲያድን ኖሯል። ሻዩም ለእኔ ክብር አልነበረም። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ እጄ ብቻውን ተነስቶ ጠረጴዛውን መታ።

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም!» ብዬ ጮህኩ። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። «ሰው አይደለሁም? አውሬ ነኝ? ለምን አትነግሩኝም!»

ቀና ብዬ ሳይ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለዋል፤ ወጥ ሠሪዋም ጭምር። ሹፌሬ ቁልፉን ሊያነሳ እጁን ዘርግቶ ነበር። እጁ ጠረጴዛው ላይ ሳይደርስ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ተመለሰ።

«ስሜን መልሰውልኛል ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ወጥ ሠሪዋን ትከሻ ለትከሻ ተሳለማት፣ ዘበኛውን ጨበጠው፣ ወጣ። ተከትዬው ልሮጥ ፈለግኩ፤ አልሮጥኩም።

ካምቢዮው ተጠግኖ ቫኗ ከቡሉክ ከወጣች ወዲህ እንግዶቹን የማመላልሰው እኔው ነኝ።